ከአያት ወደ ልጅ ልጅ፦ የወሎ ሙስሊም ገበሬ ቤተሰብና የእርሻ መሬቱ ታሪክ



ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢ! የመስጊድ ኮሚቴ በሚያሳትመው የመታሰቢያ መጽሔት ውስጥ ስለ መስጊዱ አሠራር፣ ስለ መድረሳው፣ ስለ ቀደምት ዑለማዎቻችን የሚናገሩ ጽሑፎችን መጠበቅዎ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ እርሻ ነው። ነገሩ ከቦታው የወጣ እንዳይመስልዎ ጥቂት ይታገሡ። በወሎ ገጠር ካሉት መስጊዶች ብዙዎቹ የቆሙት አንድ ገበሬ ከእርሻው ቆርሶ ለአላህ ብሎ በሰጠው መሬት ላይ ነው። በዳና፣ በጌታ፣ በጀማ ንጉሥና በሾንኬ ለዓመታት ኪታብ የቀሩት ደረሶች የበሉት ከአካባቢው ገበሬ ጎተራ የወጣ እህል ነው። ስለዚህ የመስጊዳችን ታሪክ የሚጀምረው ግንበኛው የመጀመሪያውን ድንጋይ ካኖረበት ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት ማረሻ ነበረ፣ ቀንበር ነበረ፣ አውድማ ነበረ።

ባለፉት 150 ዓመታት ገደማ በአገራችን የመሬት ሥርዓት ደጋግሞ ተለዋውጧል። ያው አንድ ማሳ ለቅድመ አያት ርስት፣ ለአያት የጭሰኝነት እርሻ፣ ለአባት የገበሬ ማኅበር ድልድል፣ ለልጅ ደግሞ በደብተር የተመዘገበ ይዞታ ሆኖ አልፏል። ስሙ በተለዋወጠ ቁጥር ግን ያንኑ መሬት ያረሰው ብዙ ጊዜ ያው ቤተሰብ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የዚህ ጽሑፍ መልስ በአጭሩ ይህ ነው፦ እርሻውን ለእኛ ያደረሰው የመንግሥት ወረቀት ብቻ ሳይሆን በቤተሰቡ መካከል የነበረው ምስክርነትና ፍትሕ ነው። ሁለቱ ከጠፉ ወረቀቱ ብቻውን አያድነውም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ርስት ምን ማለት ነበር?

በጥንቱ የሰሜን ኢትዮጵያ ሥርዓት ርስት ማለት የትውልድ መብት ነበር። መሬቱን መጀመሪያ መንጥሮ ያቀናው ሰው አውራ አባት ይባላል። ከእርሱ የተወለደ ሁሉ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል፣ የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበር። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የርስት ማስረጃው የቃል ነበር። እስከ ሰባት ቤት አያት ቅድመ አያቱን የሚቆጥር ሽማግሌ ምስክር ነው፤ የድንበሩ ድንጋይ፣ ቁልቋሉና ቦዩም ምስክር ናቸው። ዘሩን መቁጠር ያልቻለ ሰው መሬቱን አጣ ማለት ነው። ከርስት ሌላ ጉልት የሚባል ነበረ። ጉልት መሬቱን የማረስ መብት ሳይሆን ከአራሹ ግብር የመቀበል መብት ነው። አንዱ ገበሬ ባለርስት ሆኖ ሳለ ለባለጉልት ይገብር ነበር።

ይህ መብት ለሙስሊሙ እኩል አልተዳረሰም። በጎንደርና በትግራይ ብዙ ቦታ ሙስሊሙ ርስት እንዳይኖረው ተከልክሎ በሽመናና በንግድ ይተዳደር ነበር። ሸማኔና ነጋዴ የሆነው መሬት ጠልቶ አልነበረም፤ መሬት ተከልክሎ ነው። ወሎ ግን የተለየ ዕድል ነበረው። በወሎ ሙስሊሙ ባላገር ነው፤ ያርሳል፣ ያረባል፣ ባላባትም ሆኖ ይገዛ ነበር። በዚህም ምክንያት የወሎ ሙስሊም ቤተሰብ የእርሻ ታሪክ ለመላው የኢትዮጵያ ሙስሊም ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው።

ከቦሩ ሜዳ እስከ ክፉ ቀን

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። እምቢ ያሉት በየተራራው ተዋጉ፤ ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ከመሪዎቻቸው አንዱ ነበሩ። ብዙ ሰው ደግሞ ዲኑን ይዞ ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ። የተሰደደ ሰው እርሻ ባለቤቱ እስኪመለስ ጦሙን አያድርም። ሌላ ሰው ያርሰዋል፤ ዓመት ሲያልፍ ድንበሩ ይገፋል፤ አሥር ዓመት ሲያልፍ ምስክሩ ይሞታል።

ይህ ሳያበቃ ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የከብት ወረርሽኝ በሬውን ፈጀው፤ አንበጣና ድርቅ ተከተሉ። በሬ ያለቀበት ገበሬ መሬቱን በመቆፈሪያ ይጭር ጀመር። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። እርሻ ማለት መሬት ብቻ አይደለም። መሬት እያለው በሬ ያጣ፣ በሬ እያለው ዘር ያጣ፣ ሁሉ እያለው የሰው ጉልበት ያጣ ቤተሰብ እርሻውን አቆየ አይባልም። ስለዚህም ነው ባላገሩ መቀናጆን የፈጠረው፤ አንድ በሬ ያለው ከሌላው አንድ በሬ ካለው ጋር አጣምሮ በፈረቃ ያርሳል። ጅጌ ወጥቶ የደካማውን ማሳ በአንድ ቀን ያርማል፣ ያጭዳል። ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል። ይህ የወሎ ባህል ጨዋታ ብቻ አይምሰልዎ። በክፉ ቀን ጎረቤት ከመሬቱ እንዳይነቀል ያደረገ መድን ነበር።

ገባርና ጭሰኛ

ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የመሬት ግብርን በአዋጅ ደነገገ። መሬቱ በጋሻ እየተቆጠረ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመደበ። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሔክታር ይገመታል። በወሎ ርስትና ጭሰኝነት ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በደጋው ርስቱ ሲበዛ በቆላውና በወይና ደጋው ብዙ ገበሬ የሌላ ሰው መሬት አራሽ ሆነ።

የጭሰኛን ኑሮ በቁጥር እንየው። አንድ እኩል አራሽ 10 ኩንታል ማሽላ ቢያገባ፣ መጀመሪያ 1 ኩንታሉ ለአሥራት ይወጣል። ቀሪው 9 ኩንታል ከባለመሬቱ ጋር ለሁለት ሲካፈል የደረሰው 4 ኩንታል ተኩል ነው። ከዚያ ላይ ዘር ይቀመጣል፣ ዕዳ ይከፈላል። የመንግሥቱ አሥራት እስከ 1960 ዓ.ም. ቆይቶ በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ።

ውድ አንባቢ፣ አሥራትን ከዘካ ጋር እንዳያምታቱ። በሸሪዓ በዝናብ ከበቀለ እህል አሥረኛው፣ በድካምና በወጪ ውኃ ተስቦ ከበቀለ ደግሞ ሃያኛው እጅ ይወጣል። በሻፊዒይ መዝሀብ ይህ ግዴታ የሚመጣው አዝመራው 5 ወስቅ፣ ማለትም ወደ 6 ኩንታል ተኩል ሲሞላ ነው። ከዚያ በታች ያገኘ ድኻ አይገደድም። አሥራት ግን የጭሰኛውን ጓዳ አይመረምርም ነበር። ይህም ሆኖ ከዚያች 4 ኩንታል ተኩል ላይ ለደረሳና ለየቲም ቆንጥሮ የሚሰጥ ገበሬ በየመንደሩ ነበረ። ግዴታ ሳይኖርበት ሰጠ፤ ይህ ሊረሳ አይገባም።

በ1936 ዓ.ም. የቃዲዎችና የናኢባ ምክር ቤቶች አዋጅ ወጣ። በዚህ አዋጅ ቁጥር 62 መሠረት የሙስሊሞች ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስ፣ ስጦታ፣ ወቅፍና ሞግዚትነት በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታዩ ሆኑ። በዚህም የአባት ንብረት በፈራኢድ ሕግ እንዲከፋፈል፣ ለመስጊድ የተሰጠ ወቅፍም በሕግ እንዲታወቅ በር ተከፈተ።

ሚያዝያ 12 እና የካቲት 25

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ዳግመኛ በረኀብ ተመታ። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። በሬውን የሸጠ፣ የቤቱን ክዳን ገፍፎ የሸጠ፣ ከዚያም የአዲስ አበባና የአሥመራን አውራ ጎዳና ይዞ የተሰለፈ ሕዝብ ታየ። ያ ረኀብ ለዘውዱ መንግሥት መውደቅ አንዱ ምክንያት ሆነ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጣ። ሰልፉ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ያቀረቡበት ነው፤ ክርስቲያን ወንድሞችና እኅቶችም አብረው ተሰልፈዋል። ብዙ ጊዜ ከዚያ ሰልፍ የሚወሳው የበዓላት ጥያቄ ነው። በእርግጥም ዒድ አል-ፈጥር፣ ዒድ አል-አድሓና መውሊድ በ1967 ዓ.ም. የአገር በዓላት ሆነዋል። ከጥያቄዎቹ መካከል ግን የሙስሊሙ የመሬት ባለቤትነት መብት እንደነበረበት ብዙ ወጣት አያውቅም። የከተማው ሰልፈኛ የገጠሩን ገበሬ አልረሳም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ተደነገገ። የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። ሙስሊም ነህ፣ ክርስቲያን ነህ ሳይባል አራሽ የሆነ ሁሉ በሚያርሰው መሬት ላይ መብት አገኘ። ለጭሰኛው ልጅ ይህ የነጻነት ቀን ነበር፤ አለመመስከር ንፉግነት ነው።

አዋጁ ግን ሌላም ነገር አመጣ። መሬትን መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ ማከራየትና ማውረስ ተከለከለ። ባለይዞታው ሲሞት የመጠቀም መብቱ ለሚስቱ ወይም ለባሏ፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹም ይተላለፋል፤ እነርሱ ከሌሉ ብቻ ለአካለ መጠን ለደረሰ ልጅ ይሆናል ተባለ። የፈራኢድ አከፋፈል በእርሻ መሬት ላይ ቦታ አጣ። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን መሬትም የሕዝብ ተባለ። ከዚያ በኋላ ለም ለሙ መሬት ለአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እየተሰጠ ብዙ ገበሬ ወደ ጠፉ መሬት ተገፋ፤ እህሉንም በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ። ይህ ኮታ የቀረው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው።

አንዱ ወንድም ወለጋ፣ አንዱ ወሎ

በ1977 ዓ.ም. ረኀቡ ከፊተኛው በርትቶ መጣ። በልጉም ክረምቱም ከድቶ ነበር። ቆረምና ባቲ የዓለም ሕዝብ በዐይኑ ያየው የመከራ ሰፈር ሆኑ። መንግሥት በሰፈራ ፕሮግራም በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 600,000 የሚሆን ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አጓጓዘ። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ቁጥር የወሎ ሰው ነው። አንዳንዱ ወዶ ሄደ፤ ብዙው ግን ተገዶ።

የቤተሰብ እርሻ ታሪክ የተሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወንድም ወለጋ ገባ፣ አንዱ ወሎ ቀረ። የሄደው ድንግል መሬት መንጥሮ በቆሎና ማሽላ አበቀለ፣ መስጊድ ሠራ፣ ልጆች ወለደ። የቀረው የወንድሙን ማሳ ከራሱ ጋር ደርቦ አረሰ፤ ወይም ማኅበሩ ለሌላ ሰጠው። ከዚያም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሲደረግ ድንበሩ እንደገና ተነቃነቀ። የሄደው ሰው ስም በየትኛውም መዝገብ አልነበረም።

ዛሬ ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በወለጋ በደረሰው ግድያና መፈናቀል ምክንያት የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ወደ ወሎ ተመልሰው በየመጠለያው ተቀምጠዋል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ ያለቁት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አብዛኞቻቸው የእነዚህ ሰፋሪዎች ቤተሰቦች ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። የተረፈው ወጣት የአያቱን ቀበሌ ስም ይዞ ሲመጣ ቀዬው ላይ የአያቱን ወንድም ልጆች ያገኛል። በሕግ የሚጠይቀው መሬት ላይኖር ይችላል፤ ዘመዶቹ የያዙትም ለራሳቸው አይበቃቸውም። ነገር ግን የአያትህ ማሳ ይህ ነበር፣ አንተም የዚህ ቤት ልጅ ነህ ብሎ የሚመሰክርለት ሰው ከተገኘ ቢያንስ ባይተዋር አይሆንም። ይህን የሚመሰክሩት ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያለፉ ነው።

ደብተሩ መጣ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ፤ ገበሬው ግን መሬት በነጻ የማግኘትና ያለ አግባብ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው አጸና። በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን ጨምሮ በንብረት የመጠቀምና የማስተላለፍ፣ በውርስም እኩል የመሆን መብት እንዳላቸው ተጻፈ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456 የመጠቀም መብትን ለቤተሰብ አባል ማውረስን ፈቀደ፤ እርሱም በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 በፌዴራል ደረጃ ተጠናክረዋል፤ ሆኖም ጉዳይ የሚያዩት ባለጉዳዮቹ ሁሉ ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይገኛል። ውድ አንባቢ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚያ የርስት ዘመን ሴቲቱ የአባቷን ዘር ቆጥራ መሬት የመጠየቅ መብት ነበራት፤ በተግባር ግን ባሏ ዘንድ ሄዳ የምትኖር ሴት ማሳውን ወንድሞቿ ይዘውት ትቀር ነበር። አሁን ስሟና ፊቷ በወረቀት ላይ ሰፈረ።

የስምንት ጥማድ ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ አባት 8 ጥማድ እርሻ ይዞ ሞተ እንበል። ጥማድ የሩብ ሔክታር ግምት ነውና 8 ጥማድ ማለት ወደ 2 ሔክታር ነው። ሚስቱን፣ 3 ወንዶችና 1 ሴት ልጆቹን ትቷል። የመቃብር ወጪው፣ ዕዳውና ኑዛዜው ከወጣ በኋላ በፈራኢድ ሕግ ሚስቱ ስምንተኛውን፣ ማለት 1 ጥማድ ታገኛለች። ቀሪው 7 ጥማድ ለልጆቹ ወንዱ የሴቷን ዕጥፍ እያገኘ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወንድ 2፣ ለሴቷ 1 ጥማድ ይደርሳል። ሒሳቡ ቀጥ ብሎ ይገባል።

ከወንዶቹ አንዱ 2 ጥማዱን ይዞ ኖሮ ያንኑ ያህል ቤተሰብ ትቶ ቢሞት፣ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጁ የሚደርሰው ግማሽ ጥማድ ብቻ ነው። አያቱ በ8 ጥማድ ያሳደገው ቤት በልጅ ልጁ ዘመን ግማሽ ጥማድ ሆነ። መሬት አይወልድም፤ ሰው ይወልዳል። ብዙ ወንድማማቾች በአባታቸው ማግስት ተኳርፈው በአባ ጋር ሽምግልና የሚውሉት በዚህ ጥበት ምክንያት ነው።

ይህ ጥበት ለአንድ ትልቅ በደል ሰበብ ሆኗል። የብዙ ቤት ወንዶች ይሰበሰቡና እኅታቸውን ይረሷታል። አንቺ ባል አለሽ፣ ጥሎሽ ወስደሻል፣ መሬቱ ለባዕድ አይወጣም ይሏታል። በምሳሌያችን የእኅታቸውን 1 ጥማድ ሦስት ቦታ ቢቃረጡት እያንዳንዳቸው የሚያተርፉት የጥማድ ሲሶ ነው። ለጥማድ ሲሶ ሲባል የአላህን ድንበር መግፋት! የጎረቤት ድንበር አንድ ትልም የገፋ ሰው በቅሬው ሁሉ ፊት ያፍራል፤ የእኅቱን ማሳ ሙሉውን የገፋ ግን ከነጭራሹ አያፍርም።

እኅቴ ይቅር ብላኛለች የሚል መልስም ይሰማል። ይቅርታ የሚባለው መብቷን አውቃ፣ ድርሻዋ ስንት እንደሆነ ተነግሯት፣ በእጇ ከገባ በኋላ ወይም ተስማምታ ዋጋ ተቀብላ በፈቃዷ ስትተው ነው። ወንድሜ ይቀየመኛል፣ ነገ ባሌ ቢፈታኝ የምገባበት ቤት አጣለሁ ብላ ዝም ያለችው ይቅር አላለችም፤ ፈርታ ነው። እናትም እንዲሁ ትረሳለች። ልጆቿ ያኖሯታል እየተባለ ስምንተኛዋ እጅ ሳይነገራት ትኖራለች።

አንዳንዱ ሰው በሸሪዓና በአገሩ ሕግ መካከል ያለውን ልዩነት ምክንያት አድርጎ ነገሩን ሊያንጠለጥለው ይሞክራል። አንዱ ግማሽ ይላል፣ አንዱ እኩል ይላል፣ ስለዚህ ይቆይ ይላል። ውድ አንባቢ፣ ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ የሴቷ ድርሻ ባዶ አይደለም። ባዶ የሚለው ልማድ ብቻ ነው፤ ልማድ ደግሞ ለእኛ ዲንም ሕግም ሊሆን አይችልም።

እርሻው ለልጅ ልጅ እንዲደርስ

በመጀመሪያ የቤተሰብዎን እርሻ ታሪክ ይጻፉ። አባትዎ፣ እናትዎ ወይም አጎትዎ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይጠይቋቸው። መሬቱን ማን አቀናው? በማን ዘመን ተሰደደ፣ በማን ዘመን ተመለሰ? በ1967 እና በ1989 ዓ.ም. የትኛው ማሳ ለማን ደረሰ? በ1977 ዓ.ም. ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር ወይም ወደ ከፋ የሄደው ዘመድ ማን ነው፣ የልጆቹስ ስም ማን ይባላል? የሴቶቹን ስም እንዳይዘሉ። በብዙ ቤት የዘር ቆጠራ ላይ የአያት ስም እንጂ የአያቲቱ ስም አይገኝም።

ሁለተኛ፣ የይዞታ ደብተሩን ይመልከቱ። የሞተ ሰው ስም ላይ ቀርቶ እንደሆነ፣ የእናትዎ ስም እንዳለበት፣ የተመዘገበው ስፋትና አዋሳኝ ከመሬቱ ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤት የእያንዳንዷ ይዞታ ሰውየው በሕይወት እያለ ተለይቶ ይታወቅ። ከሞተ በኋላ የሚነሣው ጭቅጭቅ ለየቲሞቹ ይተርፋል።

ሦስተኛ፣ ሰው ሲሞት ከሦስትና ከአርባ ቀኑ ወሬ በፊት ፈራኢድ የሚያውቅ ዓሊም ጠርተው ድርሻውን በጽሑፍ ያውጡ። መሬቱን ቆራርሶ ማካፈል የማይጠቅም ሆኖ ከተገኘ ወራሾቹ ተስማምተው አንዱ ሊያርሰውና ለሌሎቹ በእህል ወይም በገንዘብ ሊያካክስ ይችላል። ማሳው አንድ ሆኖ እንዲቆይ የእኅትን መብት መብላት አያስፈልግም፤ የእኅትን ድርሻ አውቆ ማረስ ይበቃል።

አራተኛ፣ ይህ ምክር ለመስጊድ ኮሚቴዎችም ነው። የመስጊዱ መሬት ማን እንደሰጠው፣ በየትኛው ዓመት፣ በእነማን ምስክርነት እንደሆነ ያልተጻፈበት መስጊድ ጥቂት አይደለም። ሰጪው ሽማግሌ ካረፉ፣ ልጆቻቸውም ከተበተኑ ነገ ክርክር ቢነሣ መልስ የሚሰጥ አይገኝም። ሰጪው ሲሰጡ የልጆቻቸው ፈቃድ ነበረበት ወይ? ይህም ቢጻፍ ለሰጪው ሰደቃ፣ ለልጆቻቸውም ክብር ነው።

ውድ አንባቢ! አያቶቻችን በስደት፣ በክፉ ቀን፣ በጭሰኝነት፣ በኮታና በረኀብ መካከል አልፈው ማሳውን ለእኛ አደረሱ። ለእኛ የቀረልን ከእነርሱ ይልቅ ቀላል ሥራ ነው፤ ያወቅነውን መጻፍና ያለውን በትክክል ማካፈል። ግማሽ ጥማድ በሐላል የተያዘች እንደሆነ በረካ አለባት። ሃያ ጥማድም የእኅት እንባ ካለበት አዝመራው ቢያምርም ጎተራው አይሞላም።

አላህ (ሱ.ወ.) ዝናቡን በወቅቱ፣ አዝመራውን በበረካ ያድርግልን። የሞቱትን ይማርልን፣ የተፈናቀሉትን ወደ ሰላም ይመልስልን። የሰውን ሐቅ ሳንበላ ከዚህ ዓለም የምንለይ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።